በእግር ለምንወጣበት ቀን የሚሰናዳ ሻንጣ

የምኖረው ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ሙያዬ ነርስነት ነው። የክትባት ዘመቻ በመጣ ቁጥር ዴዶና ሰቃ ጨቆርሳ ገጠር ውስጥ የክትባት ሳጥን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ በእግሬ ዞሬያለሁ። ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ሻንጣ ሲባል ከዕቃው በፊት የማስበው እግርን ነው። ሻንጣውን የሚይዘው ሰው ስንት ሰዓት መሄድ ይችላል? ከጎኑ ማን አለ? ዝናብ ቢሆንስ? ምን እንደሚገባበት የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው «የባሰ ነገር ከመጣ ባጃጅ ጠርቼ እወጣለሁ» ይላል። ጎርፍ ሲመጣ ግን ባጃጅ አይገኝም፤ ቢገኝም አያልፍም። በፍጥነት የሚፈስ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንንሽ መኪና ያንሳፍፋል። መሬት ሲንሸራተት ደግሞ መንገዱ ራሱ ይቆረጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን አንረሳውም። መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ሰዎች ላይ መሬቱ ዳግመኛ ተናደ። በ2017 ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጥተዋል። እዚህ ጅማ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተጠጋግቶ በተሠራበት ሰፈር ደግሞ የእሳት ስጋት አለ። በዚህ ሁሉ መጀመሪያ የምንተማመነው በእግራችን ነው።

ክብደቱ

የረጅም መንገድ ልምድ የሌለው ሰው ሸክሙ ከሰውነቱ ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ይሻላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ ይያዝ ማለት ነው። ጠንካራ ከሆነ እስከ 9 ኪሎ ይችላል። ከዚያ በላይ የያዘ ሰው መንገድ ላይ መጣል ይጀምራል። ሰው ደክሞት ሲጥል ደግሞ መርጦ አይጥልም።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሁለት ሊትር ከያዛችሁ ከ6 ኪሎው የቀራችሁ 4 ኪሎ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ቤት ሚዛን ከሌለ ባለ ሱቅ ጠይቁ። የእኔን ሰፈራችን ያለው ባለ ሱቅ ቡና በሚመዝንበት ሚዛን ነው የመዘነልኝ።

ከመዘናችሁ በኋላ ተሸክማችሁ ሂዱበት። እኔ የምመክረው ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መውጣት ነው። ከከተማው መሐል 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገት አለው። እሑድ ጠዋት ቤተሰቡን በሙሉ ይዛችሁ፣ ያንኑ ሻንጣ አዝላችሁ፣ በዚያን ቀን የምታደርጉትን ጫማ አድርጋችሁ ውጡ። ትከሻ የሚቆርጠው ማንገቻ፣ ተረከዝ የሚልጠው ጫማ፣ ወገብ የሚወጋው የጣሳ ጠርዝ፣ ሁሉም ዳገቱ ላይ ይታወቃል። አያት «እዚህ ጋ ልረፍ» የሚሉበትን ቦታም ልብ በሉ። የቤተሰቡ ፍጥነት የእሳቸው ፍጥነት ነው። ልጅና ሽማግሌ ያለበት ቤት በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብላችሁ አስቡ። ሰርቦ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ዘመድ አለን ብትሉም በአንድ ቀን ላትደርሱ ትችላላችሁ። ስለዚህ ሻንጣው አንድ የውጭ አዳር ያለበት ሻንጣ ነው።

ሻንጣው ራሱ

ሁለት ሰፋፊ ማንገቻ ያለው የጀርባ ቦርሳ ይሁን። የተማሪ ቦርሳ ይበቃል። የእጅ ሻንጣ፣ ፌስታል፣ ማዳበሪያ አይሆንም፤ እጅ ይይዛል። አንዱ እጃችሁ ለልጅ፣ አንዱ ለዱላ ነፃ መሆን አለበት። የጅማን ቀይ ጭቃ በክረምት የሚያውቅ ሰው የዱላን ጥቅም አይጠራጠርም። ማንገቻው ቀጭን ከሆነ እዚሁ ጅማ መርካቶ ያሉት ቦርሳ ሰፊዎች ሰፊ ጨርቅ ደርበው ይሰፉላችኋል። ደረት ላይ የሚያያዝ ማሰሪያም አስጨምሩ፤ ቦርሳው ዳገት ላይ ወደ ኋላ አይጎትትም።

ከባዱ ነገር ወደ ጀርባችሁ ተጠግቶ፣ መሐልና ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ልብስ ከታች ይግባ። የዝናብ ልብስ፣ ባትሪና ውሃ ከላይ ወይም ከጎን ይሁኑ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት አገር ናት። «ቦርሳው ውሃ አያስገባም» ቢባል አትመኑ። በሜትር የሚሸጠውን ወፍራም ላስቲክ ገዝታችሁ ውስጡን አልብሱት፤ ዕቃውን ከጨመራችሁ በኋላ አፉን ጠምዝዛችሁ እሰሩት። ወረቀት፣ መድኃኒትና ክብሪት ደግሞ ለየብቻ በላስቲክ ይጠቅለሉ።

ውሃ

ለአንድ ሰው ለቀኑ ቢያንስ 2 ሊትር ያዙ። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ሁለቱን በቦርሳው ግራና ቀኝ መክተት ይቻላል። ጀሪካን ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ አይቻልም።

2 ሊትሩ ሲያልቅ ከመንገድ መቅዳት ይመጣል። ያንን ውሃ ማከም ማወቅ አለባችሁ። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድማችሁ አጥልሉት፤ ነጠላ አራት እጥፍ አድርጋችሁ በእሱ አሳልፉት። ማጥለል ጀርም አይገድልም፤ ግን ክሎሪኑ ሥራውን እንዲሠራ ያደርጋል። ክሎሪን በጭቃ ውሃ ውስጥ ይደክማል። ከዚያ ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ ከሚባሉት የውሃ ማከሚያዎች አንዱን ወይም የክሎሪን እንክብል ጨምሩ። አብዛኛው የተሰናዳው ለ20 ሊትር ጀሪካን ነውና ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ፤ ለትንሽ ውሃ የሚሆን እንክብል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

እሳት ካለ ማፍላት ከሁሉም ይበልጣል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፎ ነው ያለው። እዚህ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ መንተክተክ ይበቃዋል። ወደ ዴዶ ደጋ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከወጣችሁ 3 ደቂቃ ያህል አንተክትኩት።

አሁን የምናገረውን የእኛ አገር ሰው በተለይ ይስማኝ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ፣ ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ በታች ያለ ወንዝ አትጠጡ። ውሃው ይጠቁራል፣ የቦካ ነገር ይሸታል። ገለባውና ሙጫው የገባበትን ውሃ ክሎሪን አያጠራውም። ማፍላትም ጀርሙን ይገድላል እንጂ የተቀላቀለውን አያወጣም። ከጣቢያው በላይ ወዳለው ምንጭ ሂዱ። ጫት እርሻ ሥር ለሥር የሚወርድ ቦይም እንደዚሁ ነው፤ መድኃኒት ይረጭበታል።

መድኃኒት

እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ። ከቤቱ በወጣ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚደርሰው ጉዳት ብዙው የሚመጣው ከተቋረጠ መድኃኒት፣ ከተቅማጥና ከእግር ቁስል ነው።

የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የአስም፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢያንስ የሁለት ሳምንት ትርፍ ይኑረው። ለሐኪማችሁ ምክንያቱን ንገሩት። ክኒኑን ከነማሸጊያው ያዙት፤ ከወረቀቱ አውጥታችሁ በፌስታል አትቀላቅሉት፤ ያኔ ማንም ለይቶ ሊያውቀው አይችልም። የመድኃኒቱን ስም፣ የሚሊ ግራሙን መጠንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ በወረቀት ጻፉ። የሄዳችሁበት ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ያንን ወረቀት ሲያይ ከምን መጀመር እንዳለበት ያውቃል። መድኃኒቱን የሚደብቅ ሰው ካለ ደግሞ የራሱ ሻንጣ ውስጥ ይሁንለት። ማንም አይክፈትበት።

በጥቅም ላይ ያለ ኢንሱሊን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 4 ሳምንት ያለ ፍሪጅ ይቆያል። በእኛ አየር ፀሐይ እስካልመታው ድረስ አስጊ አይደለም። በትንሽ ላስቲክ አሽጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉትና ልብስ መሐል ክተቱት። ስኳር ያለበት ሰው ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር አይለየው። ብዙ ሲሄድ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፤ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ ወዲያው ይጉረስ።

ለተቅማጥ ኦአርኤስ ያዙ። አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። ለልጆች ዚንክም ከፋርማሲ አብራችሁ ግዙ። ኦአርኤስ ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው አፉ የተደለደለ ይሁን፤ ጨው ከበዛ ሕፃን ይጎዳል። ይህን ልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፓኬቱ ጋር አስቀምጡ። በጭንቀት ጊዜ ቁጥር ይጠፋል።

ወባን አትርሱ። እኛ ጋ የሚብሰው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ወደ ጊቤ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ አጎበር ያዙ፤ ተጣጥፎ ቦታ አይይዝም። ትኩሳት ያለበት ሰው ይመርመር እንጂ ካለፈው የተረፈ የወባ ክኒን አይዋጥ።

ከዚህ ሌላ ፓራሲታሞል፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ጎዝ፣ አንድ ጥንድ ጓንት፣ ሳሙና። ቁስልን በንጹህ ውሃና በሳሙና ማጠብ ከብዙ ቅባት ይበልጣል። ለሴቶች ሞዴስ፤ ወቅቱ ባይሆንም ያዙ፤ ሲደነግጡ ወር አበባ ሊቀየር ይችላል።

እግርና ልብስ

አዲስ ጫማ ለአደጋ ቀን አታስቀምጡ። የለመዳችሁት፣ የእግራችሁን ቅርጽ የያዘ ጫማ ከሻንጣው አጠገብ ይቀመጥ። የላስቲክ ጫማ ጭቃ ይችላል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ያለ ካልሲ ግን ይልጣል። ሁለት ጥንድ ካልሲ ለአንድ ሰው። ከመነሳታችሁ በፊት ተረከዝና በጣት መሐል ቫዝሊን ተቀቡ። የሆነ ቦታ መለብለብ ሲጀምር ቁሙ፤ ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቁ፤ ፕላስተር ለጥፉበት። ማታ እግራችሁን ታጥባችሁ በጣቶቻችሁ መሐል አድርቁ። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህ ግዴታ ነው፤ ሳይሰማው ይቆስላል።

ጋቢ ስለሚወደድ ሁሉም ይዞ መውጣት ይፈልጋል። ሲርስ ግን ይከብዳል፤ በክረምትም አይደርቅም። አንድ ጋቢ ለሁለት ሰው፣ በላስቲክ ታስሮ። ሌላው ሹራብ ይልበስ። ከኅዳር እስከ ጥር ጅማ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ሸራና አሥር ሜትር ገመድ ካላችሁ በሁለት ዛፍ መሐል መጠለያ ይሆናል። ከዛፍ ሥር ግን መብረቅ ባለበት ጊዜ አትጠለሉ።

ምግብ

ሳይበሰል የሚበላ፣ ቀላልና የማይበላሽ ይሁን። በሶ ከሁሉም ይቀድማል፤ በውሃ በጥብጦ ጨው ወይም ስኳር ጨምሮ መጠጣት ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ ኦቾሎኒ። ጎረቤታችን ያሉት ሀጂ ለመንገድ የሚያስይዙት ጭኮ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ የታሸ ነገር፣ ትንሽ ቁራጭ ብዙ ያስኬዳል፤ ሳምንታትም ይቆያል። ጥርስ ለሌላቸው በሶው ይሻላል። የሦስት ቀን ምግብ ከያዛችሁ ይበቃል። እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ።

የምታጠባ እናት ማጥባቷን አታቁም። ስትደነግጥ ወተቱ የቀነሰ ይመስላታል፤ ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ይመለሳል። በመንገድ ላይ ጡጦ ማጠብ ስለሚያስቸግር የዱቄት ወተት አደገኛ ነው። ውሃና በሶ መጀመሪያ ለእሷ ይሰጥ።

ስለ ቡናም ልናገር፤ ጅማ ላይ ሆኜ ካልተናገርኩ አይሆንም። ጀበናው ይቅር፤ ይሰበራል። ግን በትንሽ ላስቲክ የተወቀጠ ቡና ያዙ። ውሃ የምታፈሉበት ጣሳ ቡናም ያፈላል። የባለቤቴ እናት እማማ ቡና ካልጠጡ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ራሱን የሚያመው ሰው አይሄድም። አንድ መቶ ግራም ነው፤ ይገባዋል።

ወረቀትና ገንዘብ

መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የቤት ካርታ ኮፒ፣ የልጆች የልደትና የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጤና መድን ደብተር። በላስቲክ ታሽጎ፣ በትልቅ ሰው ልብስ ሥር ይሁን፤ ሻንጣ ይጠፋል። ፎቶም አንስታችሁ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ። ገንዘብ በ50 እና በ100 ብር ኖት ይሁን። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም፤ መንገድ ላይ ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮም የትልቅ ብር መልስ የላትም። ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጻፉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። በቁልፍ የሚሠራ ትንሽ ስልክ ባትሪው ለቀናት ስለሚቆይ አንድ ይኑራችሁ። የእጅ ባትሪ ግንባር ላይ የሚታሰረው ይሻላል።

ማን ምን ይይዛል

ሕፃን በአንቀልባ ያዘለች እናት ሻንጣ አትያዝ። ጀርባዋ ተይዟል፤ ደረቷ ላይ ከጨመራችሁባት እግሯ የሚረግጥበትን አታይም። ወገቧ ላይ የሚታሰር ትንሽ ቦርሳ ይበቃታል፤ የሕፃኑ ጨርቅ፣ ውሃ፣ መታወቂያዋ። የእሷን ድርሻ ሌላው ይከፋፈላል። ሰባት ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ የራሱን ሹራብ፣ ግማሽ ሊትር ውሃና ፊሽካ ይያዝ። ከጠፋ ባለበት ቆሞ ሦስት ጊዜ እንዲነፋ አስተምሩት። ስሙንና ስልክ ቁጥራችሁን በጨርቅ ጽፋችሁ ከልብሱ በውስጥ በኩል ስፉለት። መድኃኒትና ምግብ ሁለት ሻንጣ ላይ ይከፈሉ።

ብትለያዩ የምትገናኙበት ሁለት ቦታ ተስማሙ። አንዱ ቅርብ፣ ለምሳሌ ከፍታ ላይ ያለ የሰፈራችሁ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢ። አንዱ ሩቅ፣ የዘመድ ቤት። መንገዱም ወንዝ ለወንዝ የሚሄድ አይሁን።

መቼ እንውጣ

ሻንጣው በር አጠገብ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይሰቀል። ቁም ሣጥን ላይ የተቆለፈ ሻንጣ ለሌሊት አይሆንም። በዓመት ሁለት ጊዜ ክፈቱት፤ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይበረታ፣ ጥቅምት ላይ ወባና ብርዱ ሲመጣ። የመድኃኒት ቀን፣ የልጆች ጫማ ቁጥር፣ በሶው እንዳልነቀዘ እዩ።

የአዌቱ ውሃ ደጃፍ እስኪደርስ አትጠብቁ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ከዘነበና ወንዙ ግንድ ማውረድ ከጀመረ አያትና ልጆች በቀን ብርሃን ይውጡ። ተዳፋት ላይ የምትኖሩ ደግሞ እነዚህን ልብ በሉ፦ መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ የዘመመ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ ድንገት አልዘጋ ያለ በር፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም የደረቀ ምንጭ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ በዚያ ሌሊት እዚያ ቤት አትደሩ። ከቁልቁለቱ ወደ ጎን ውጡ እንጂ ወደ ታች አትሩጡ።

ስትወጡ፣ ጊዜ ካለና እጃችሁ ደረቅ ከሆነ፣ ቆጣሪውን አጥፉ፤ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ግን አትንኩት። የከሰል ምድጃውን አጥፉ። በግና ላም ካላችሁ ገመዳቸውን ፍቱላቸው፤ የታሰረ ከብት ራሱን አያድንም። ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤት ካሉ በራቸውን አንኳኩ፤ ማን እንደሚያንኳኳ አሁኑኑ በስም ተነጋገሩ። እኛ ሰፈር የሀጂን በር የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ ዱላቸውን የሚይዝላቸው የእኔ ትልቁ ልጅ ነው፤ እሳቸውም ያውቃሉ።